የጠረጴዛ ስፒከር አመራረጥ፦ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ጠረጴዛዎን ይለኩ

«ስንት ዋት ነው?» ጅማ ውስጥ ስፒከር ሊገዛ የወጣ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በደማቁ የታተመውን ቁጥር በጣቱ ያሳያል፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ወሬው ወዲያው ወደ ዋጋ ይዞራል። እኔም በዚህ መንገድ ገዝቻለሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ያመጣኋቸውን ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ጠረጴዛዬ ላይ ጀርባቸውን ከግድግዳ አጣብቄ ባስቀምጣቸው፣ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን መሰለ። ስፒከሮቹ ምንም አልጎደላቸውም። የተሠሩት ለሰፊ ሳሎን ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፊታቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጫለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳጥን ከፍቼ ዘግቻለሁ፣ ብዙ ሰውም ለመግዛት ሲወጣ አብሬ ሄጃለሁ። የያዝኩት እምነት አንድ ነው፦ የጠረጴዛ ስፒከር የሚመረጠው በጠረጴዛው ልክ ነው። ዋቱም፣ ስሙም፣ ዋጋውም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ጉዳይ እናጥራ። «ድምፅ ማጉያ» የሚለውን ቃል አንዳንዱ ለሳጥኑ፣ ሌላው ኃይል ለሚሰጠው መሣሪያ ስለሚጠቀምበት ገበያ ላይ መግባባት ይጠፋል። እዚህ ሳጥኑን ስፒከር፣ ኃይል ሰጪውን አምፕሊፋየር እላለሁ። ፓሲቭ ስፒከር ማለት አምፕሊፋየር በውስጡ የሌለው፣ ከኋላው ቀይና ጥቁር የሽቦ ማሰሪያ ብቻ ያለው ነው፤ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት የሚሰካ ገመድ የለውም።

ለእኛ ከተማ ፓሲቩን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሆኖ ይመጣል። አምፕሊፋየሩ ውስጡ የተቀበረበት ስፒከር ከሆነ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ጥንዱ በሙሉ ሥራ ያቆማል። ፓሲቩ ግን ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር ለብቻው ስለሚኖር፣ ጉዳቱ ርካሹ ዕቃ ላይ ይቆማል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም ጥቂት የመዳብ ጥቅልልና ካፓሲተር ብቻ ስለሆነ፣ የተማረ ሬዲዮ ጠጋኝ ሊረዳው የሚችል ነገር ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቢልክልዎትም፣ ስፒከሩ 110 ይሁን 220 ቮልት የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው የአምፕሊፋየሩ አዳፕተር ነው፤ እሱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ።

ሜትር ይያዙ

አራት ልክ ያስፈልግዎታል፤ በወረቀት ይጻፏቸውና ወደ ገበያ ይዘዋቸው ይሂዱ።

አንደኛው የጠረጴዛው ጥልቀት፣ ማለትም ከግድግዳው በእርስዎ በኩል እስካለው ጠርዝ ያለው ነው። ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ስክሪን ግራና ቀኝ የሚተርፈው ስፋት። ሦስተኛው ተቀምጠው ሲሠሩ ጆሮዎ ከጠረጴዛው ጠርዝ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚርቅ። አራተኛው ጆሮዎ ከጠረጴዛው ወለል በላይ ያለው ከፍታ። የመጨረሻውን ሁለቱን ሌላ ሰው ይለካልዎት፤ ራስን ሲለኩ ወገብ መቃናቱ አይቀርም፣ ልኩም ውሸት ይሆናል።

አሁን ይደምሩ። ጠረጴዛው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ስፒከሩ 18 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅና ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ፊቱ ከግድግዳው 28 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ከፊቱ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ 32 ይቀራል፤ ጆሮዎ ከጠርዙ 30 ወደ ኋላ ከሆነ ርቀቱ 62 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለጠረጴዛ ማዳመጫ ይህ ጥሩ ነው። የ28 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሳጥን ቢያስቀምጡ ግን ርቀቱ ወደ 52 ይወርዳል፣ የተከፈተ መጽሐፍ ማስቀመጫም ያጣሉ።

በነዚህ ልኮች የታወቁትን ሳጥኖች ማየት ይጠቅማል። ኬፍ ኤል ኤስ 50 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበ ስፒከር እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ጥልቀቱ 28 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ የአየር ቀዳዳውም ከኋላ ነው። ሶኒ ኤስ ኤስ-ሲ ኤስ 5 ደግሞ ቁመቱ 33.5፣ ጥልቀቱ 22 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም «ትንሽ» ተብለው የሚሸጡ ናቸው። በ60 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ግን ትንሽ አይደሉም። 75 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላለው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው።

ለቅርብ ማዳመጥ ተብሎ የታሰበ ሳጥን ምን እንደሚመስል ለማወቅ የብሪታንያው ቢቢሲ መሐንዲሶች በ1970ዎቹ የነደፉትን ኤል ኤስ 3/5 ኤ የተባለ ስፒከር ማስታወስ ይበቃል። ሰዎቹ የቸገራቸው ነገር ከእኛ ችግር ጋር አንድ ነበር። በመኪና ውስጥ በተሠራ ጠባብ ክፍል ተቀምጠው የሚተላለፈውን ድምፅ መቆጣጠር ነበረባቸው፣ ትልቅ ሳጥን ማስገባት አይቻልም። ቁመቱን ወደ 30፣ ስፋቱን ወደ 19፣ ጥልቀቱን ወደ 16 ሳንቲ ሜትር አደረጉት። ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ አውቀው ሠውተው የሰው ድምፅ ጥራት ላይ አተኮሩ። ይህ ምርጫ ዛሬም ለጠረጴዛ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ዉፈሩ ስንት ኢንች ይሁን?

ዉፈር ወፍራሙንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ጉልላት ትዊተር ትባላለች።

ባለ 3 ኢንች ዉፈር በጣም ጠባብ ቦታ ላለው ሰው ነው፤ ንግግርና ክራር ደህና ያሰማል፣ ከበሮ ግን የጣት ምት ያህል ይሆንበታል። ባለ 4 ኢንች፣ ሳጥኑ በደንብ ከተሠራ፣ 60 ወይም 70 ኸርዝ ድረስ ሊወርድ ይችላል (ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል)። የወንድ ድምፅ መሠረቱ 85 ኸርዝ አካባቢ ስለሚጀምር፣ ዘፈን የሚባለውን ነገር ሁሉ ይሸፍናል ማለት ነው። ባለ 5 ኢንች ከሩብ ወደ 50 ኸርዝ ይጠጋል፤ የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነውና ለእሱም ሙሉ በሙሉ አይደርስም፣ ግን ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ለሳሎን ይተዉት። በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትልቅ ዉፈርና ከእሱ ራቅ ያለ ትዊተር እንደ አንድ ምንጭ አይዋሃዱም፤ ጆሮ ሁለቱን ለይቶ ይሰማቸዋል። ትዊተሯ ከዉፈሩ እምብርት ላይ የተቀመጠችበት ዓይነት ስፒከር ይህ ችግር የለበትም። ካገኙና ልኩ ከገጠመልዎት አይለፉት።

ምርጫዎ በ4 እና በ5 ኢንች መካከል ከሆነ የእኔ ምክር አራቱን ነው።

የአየር ቀዳዳው የት ነው?

ብዙ ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ ለማገዝ ክብ ወይም ሰንጣቃ የአየር ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳው ከኋላ ሆኖ ግድግዳ ከተጠጋው ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፣ ቃላትም ይደበዝዛሉ። ግድግዳ ራሱ ታችኛውን ድምፅ ያጎላል፤ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ሊጨምር ይችላል። የእኔ በርሜል የተወለደው ከዚህ ነው።

ጠረጴዛዎ ከግድግዳ የተጣበቀ ከሆነ ቀዳዳው ከፊት የሆነውን፣ ወይም ጨርሶ ቀዳዳ የሌለውን ይፈልጉ። ኢላክ ቢ 5.2 ለምሳሌ ቀዳዳው ከፊት ከታች ነው። ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ቤዙ መቀነስ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ቢሆንም ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ግድግዳው የሚጨምረው ድምፅ ለእሱ ሸክም ሳይሆን እርዳታ ይሆንለታል። ያለዎት ስፒከር የኋላ ቀዳዳ ካለውና ቦታ ከሌለ፣ ንጹሕ ካልሲ ጠቅልለው ቀዳዳውን ይድፈኑት። ውጤቱን በጆሮዎ ወዲያው ያገኙታል፤ ካልወደዱት ካልሲውን መሳብ ነው።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ካርቶን ላይ «ፒ ኤም ፒ ኦ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የሚታየውን ሺህ ምናምን ዋት ጨርሶ ይርሱት። ከስፒከሩ ኋላ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ነው የሚጠቅመው።

የመጀመሪያው ሰንሲቲቪቲ ነው፤ አንድ ዋት ያህል ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚጮኽ ይናገራል። ትንንሽ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ83 እስከ 87 ይሆናሉ። 85 የሚለውን እንውሰድ። እርስዎ አንድ ሜትር ሳይሆን 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለተቀመጡ 3 ዴሲቤል ይጨመራል። ሁለት ስፒከር በመሆናቸው ደግሞ ወደ 3 ገደማ ይጨመራል። በአንድ ዋት 91 ዴሲቤል አካባቢ ደረስን። ተመችቶን ለረጅም ሰዓት የምንሰማው ግን 70 ወይም 75 ዴሲቤል ነው፤ ከበሮው ድንገት ሲመታ 15 ቢጨምር እንኳ ያው 90 ነው። አንድ ዋት! ይህንን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው ስህተት ያለበት መስሎኝ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ለጥንቃቄ አሥር እጥፍ ጨምሩበት፣ 10 ዋት ንጹሕ ኃይል ለጠረጴዛ ከበቂ በላይ ነው። ለ500 ዋት የተከፈለ ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ቢውል ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ኦም ነው፤ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል። 8፣ 6 ወይም 4 ይላል። ዋናው ጉዳይ አምፕሊፋየሩ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ኦም ነው፤ 4 የሚል አምፕሊፋየር ላይ ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ ባለ 3 ኦም ስፒከር ቢሰኩ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሰንሲቲቪቲው «በ2.83 ቮልት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ባለ 8 ኦሙ በዚያ ቮልት 1 ዋት ሲወስድ ባለ 4 ኦሙ 2 ዋት ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 4 ኦሙ በወረቀት ላይ 3 ዴሲቤል የበለጠ መስሎ ይታያል እንጂ በልጦ ላይሆን ይችላል።

አምፕሊፋየሩ

ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ለዚህ ሥራ ተስማሚ ናቸው። በርካታዎቹ ከ12 እስከ 24 ቮልት በሚሰጥ አዳፕተር ይሠራሉ፣ ይህ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ወደ 9 ዋት ይሰጣሉ። ከላይ ያሰላነውን ያስታውሱ። የሶላር ባትሪ ያለው ሰው መብራት በጠፋበት ምሽት ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ፣ አምፕሊፋየሩ በ12 ቮልቱ እየሠራ ያለ ምንም መቀነስ ሙዚቃውን ይሰማል። ባትሪውን ሲያገናኙ ፕላስና ማይነሱን አያምታቱ፣ በመስመሩ ላይም ፊውዝ ያስገቡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። በአብዛኞቹ ክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች የግራውንና የቀኙን ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ ማሰር ወይም ከመሬት ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ይቃጠላሉ። ሁለተኛ፣ ስፒከሮቹ ለጆሮዎ በጣም ቅርብ ስለሆኑ፣ ሳሎን ውስጥ የማይሰማ «ሽሽሽ» እዚህ ይሰማል። ሲገዙ ሙዚቃ ሳይከፍቱ አምፕሊፋየሩን አብርተው ጆሮዎን ትዊተሯ አጠገብ ያድርጉ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚሰማ ከሆነ ሌላ ይጠይቁ። ቤት ከገባ በኋላ የሚያጓራ ድምፅ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው ይሞክሩ፤ ከቆመ ችግሩ የቻርጀሩና የመሬት መስመር አለመኖር ነው፣ በላፕቶፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል በሚገባ የድምፅ መስመር መለያ (ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር) ብዙ ጊዜ ይቃለላል።

ያገለገለ ሲገዙ

መርካቶ ውስጥም ሆነ ጠጋኞች ዘንድ ከአሮጌ ቴፕና ከሚኒ ኮምፖ የተረፉ ጥሩ ጥንዶች ይገኛሉ። ጅማ ግን እርጥብ ከተማ ናት፤ ረጅም ክረምቷ ለስፒከር አይራራም። ስለዚህ እዚህ የምመረምረው ከሌላ ቦታ የበለጠ ነው።

የፊት ጨርቁን ያስነሱ። ሻጩ «አይነሳም» ካለ ይሂዱ። የዉፈሩ ዙሪያ ጠርዝ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በጣት ጫፍ በቀስታ ይንኩት፤ የሚፈረፈር ወይም የሚጣበቅ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። የጎማ ጠርዝ ብዙ ይቆያል። ወረቀቱ ላይ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ሳጥኑን ገልብጠው ታችኛውን ጠርዝ በጥፍር ይጫኑ፤ የተጨመቀ እንጨት ውኃ ከጠጣ አብጦ እንደ ዳቦ ይለሰልሳል። ከዚያ ሁለት አውራ ጣት በዉፈሩ እምብርት ግራና ቀኝ አድርገው እኩል ወደ ውስጥ ይግፉት። በዝምታ ገብቶ በዝምታ ከተመለሰ ጤነኛ ነው፤ ከቧጨረ ጥቅልሉ ተጣሟል። ትዊተሯን ግን በጣት አይንኳት።

ቴስተር (ኦም የሚያነብ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለ በቀይና በጥቁሩ ማሰሪያ ላይ ያድርጉ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦም ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ያነባል። ይህ የዉፈሩን ጤንነት ብቻ ይነግራል፤ ትዊተሯ ከካፓሲተር ኋላ ስላለች አትታይም። እሷን የሚመሰክርላት ጆሮ ነው። ፊቱ ላይ ሦስት አራት የሚያብረቀርቁ ክቦች ያሉባቸውን ደግሞ ይጠርጥሩ፤ አንዱ ብቻ የሚሠራ፣ የቀሩት ለጌጥ የተለጠፉ ፕላስቲክ የሆኑባቸውን አይቻለሁ።

በምን ይሞከር?

ሻጩ የሚከፍትልዎትን አይስሙ። በደንብ የሚያውቁትን ይዘው ይሂዱ፣ ድምፁንም ቤት ውስጥ በሚሰሙበት መጠን ያድርጉት።

በመጀመሪያ የሬዲዮ አንባቢ ንግግር። የሰው ድምፅ ሁላችንም ስለምናውቀው ስህተቱ አይደበቅም፤ አፍንጫ ውስጥ የገባ፣ ወይም «ሰ» እና «ጸ» ሲባል ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ ማሲንቆ፤ የፈረስ ጭራው ክር ሲታሽ ያለው ሸካራነት ሳይሰነጠቅ መሰማት አለበት። ከዚያ በገና። በገና ለትንሽ ስፒከር ከባድ ፈተና ነው፤ ወፍራም ክሮቹ ከቆዳው ጋር ሲነኩ የሚያወጡት ጥዝጣዜ የመሣሪያው ድምፅ መሆኑንና የሳጥኑ መንቀጥቀጥ አለመሆኑን መለየት መቻል አለብዎት። እጅዎን ሳጥኑ ጎን ላይ ያድርጉ፤ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ እንጨቱ ቀጭን ነው።

በመጨረሻ ቫይብራፎን እመርጣለሁ። በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ለዓለም ያሰማው መሣሪያ ነው። የብረቱ ምት ሲያርፍ ጥርት ብሎ፣ ከዚያ ጩኸቱ እየተወዛወዘ ቀስ ብሎ ሲከስም እስከ መጨረሻው መከተል ከቻሉ፣ ትዊተሯና ዉፈሩ ተስማምተዋል ማለት ነው። ሱቁ ጫጫታ ካለበት ሻጩን በትሕትና በር እንዲዘጋ ይለምኑት፤ ብዙዎቹ እምቢ አይሉም።

ማጓጓዝ፣ ማገናኘትና ማስተካከል

ከአዲስ አበባ የሚያመጡ ከሆነ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ከእግርዎ ሥር ወይም ከጎንዎ ሆኖ ይለፍ፤ ሁለቱ ስፒከሮች ፊት ለፊት እንዲተያዩ፣ መካከላቸው ጠንካራ ካርቶን ገብቶ።

ሽቦው ወፍራም መሆን አያስፈልገውም። ለሁለት ሜትር ርቀት ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር መንታ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፤ ከውስጥ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያሰሩ። ምልክቱ ከጠፋ 1.5 ቮልት ደረቅ ባትሪ ለቅጽበት ያህል ብቻ ያስነኩት፤ ዉፈሩ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው ቀዩ ነው። የአንዱ ስፒከር ሽቦ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሐል መቆሙን ትቶ የትም ይበተናል።

አሁን ወደ አራተኛው ልክ እንመለስ። ጆሮዎ ከጠረጴዛው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል፤ የስፒከሩ ትዊተር 19 ላይ ናት። 21 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ሁለት መንገድ አለ፦ ሳጥኑን በዚያው ያህል ከፍ ማድረግ፣ ወይም ወደ ላይ እንዲያይ ማዘንበል። ርቀቱ 70 ከሆነ የሚያስፈልገው ዘንበል 17 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥልቀቱ 18 ለሆነ ሳጥን የፊት ጠርዙን 5 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ማለት ነው። ከቻሉ ከፍ ማድረጉን ይምረጡ፤ ድምፁ ጠረጴዛው ላይ ተንጸባርቆ የሚያመጣውን መጎርነን የሚቀንሰው እሱ ነው። በርጩማ በመሥራት ስሟ በተጠራ ከተማ ለዚህ የሚሆን አናጢ አይጠፋም። ከዋንዛ ሁለት ጠንካራ መቆሚያ ያሠሩ፣ ልኩን በወረቀት ሥለው ይስጡ፣ ከላይ ስስ ጎማ ይለጥፉበት።

ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላትዎ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በመካከላቸው 70 ካለ ከእያንዳንዳቸው እስከ ጆሮዎ 70። ወደ እርስዎ ትንሽ ያዙሯቸው። ከዚያ አንድ ሙሉ ምሽት በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ያዳምጡ። ከኋላዎ ባዶ ግድግዳ ካለ ጋቢ ይስቀሉበት፤ አራት እጥፍ ጥጥ ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ሲያንጸባርቅ የነበረውን ግድግዳ ያለዝበዋል፣ ወፍራሙን ድምፅ ግን አይነካውም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ድምፁን አይጨምሩ። ዝናብን ለማሸነፍ የሚከፈት ስፒከር ከጆሮም ከትዊተሯም ላይ ይወስዳል። ክረምቱን ሙሉ ሳጥኖቹን ከጭቃው ግድግዳ እርጥበት ራቅ አድርገው ያቆዩ፤ በየወሩ የፊት ጨርቁን አንስተው ዉፈሩን ደረቅ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ትዊተሯን ግን አቧራዋን በእስትንፋስ እፍ ብለው ብቻ ያራግፉላት።